ውሃው እስኪጠራ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይስ እንደ ልጅነትህ አሁንም አፍንጫህን በእጅጌህ እየጠረግክ ነው? ደብዳቤ «እኛ ደህና ነን፣ ሐሳብ አይግባህ» ተብሎ እንደሚጀመር አልጠፋኝም። እኔ ደህና ነኝ። ጋሼም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። ስለ ደህንነታችን ዛሬ የምልህ ይኸው ነው፤ የቀረውን እያነበብክ ትደርስበታለህ።

ያልደወልኩልህ ስልክ ስለማታነሳ ብቻ እንዳይመስልህ። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ሁለቱን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ከመጋረጃ አይሻልም። የጋሼ ጆሮ ደግሞ ዘንድሮ እንደ ምላጭ ተስሏል። በጓሮ በኩል ድመት ብትዘል የማን ቤት ድመት እንደሆነች ይነግረኛል። በእንዲህ ያለ ቤት ስለ ሰውዬው ሰውዬው እየሰማ ማውራት አይቻልም። ጎረቤት ሄጄ ልደውል ብል ደግሞ ጎረቤታችን ማን እንደሆነ አንተም አትስተውም። ጥሩምባ ነው። ስሙን ያወጣህለት አንተው ነህ። እኔ አንድ ቃል ተንፍሼ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ወፍጮ ቤት ደርሶ ተፈጭቶ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ብዕር ያዝኩ።

ከምርምር ጣቢያችሁ ማዳበሪያ ይዞ የመጣው ሹፌር የላክኸውን መልእክት አድርሶልኛል። ምስኪን፣ ጫማ ጫማውን እያየ ነው የነገረኝ። አጨዳው እንዳለቀ ሽማግሌ ይዘህ ልትመጣ፣ ማሳውን ለሁለት ልታስከፍል፣ ያንተን ድርሻ ጥሩምባ በእኩል እንዲያርሰው ልትሰጥ። ጋሼ ደግሞ በምትቀረው ቁራሽ ላይ ቆሞ ውሃውን እያየ ሲፈላሰፍ ይኑር ብለሃል አሉ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚባለው እንዳንተ ላለው ነው። ያንተ ድርሻ እኮ የቦዩን አፍ የያዘው ነው። እሱ ለጥሩምባ ከሄደ እኛ ውሃ የምናገኘው ጥሩምባ ደስ ሲለው ነው፤ ሲከፋው እንደርቃለን። ቦዩን የሚያከፋፍለው ውሃ አባትም ለከሸፈ ማሳ ትዕግሥት የለውም፤ የሚመጣውም ዓመት እንደ ዘንድሮው ባዶ ከሆነ ተራችንን ለሌላ እንደሚሰጥ ከወዲሁ ነግሮናል። ያኔ ጋሼ ምን ይሆናል? አባባ ከሞተ በኋላ ታላቅ ወንድም ሆኖ እኔንም አንተንም ያሳደገው በዚያ ማሳ ነው። ሚስት ሳያገባ የቀረውም እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። እኔ ከትዳሬ በአንድ ሻንጣ ስመለስ ምን ሆነሽ ነው ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ማጭድ ነው የሰጠኝ፤ ያን ቀን ከሰው ሁሉ ያጽናናኝ እሱ ነው። ያን መሬት ከወሰድክበት ጠዋት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። እየወቀስከኝ ነው ካልክ፣ አዎ፣ እየወቀስኩህ ነው።

አዝመራውን በተመለከተ የሰማኸው ሁሉ እውነት ነው። የሌላው ሰው ሩዝ ዛላው ከብዶት ወደ ውሃው ሲያጎነብስ የእኛ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀረ። መንገደኛ ቢያየው ከሁሉ ያማረው የእኛው ነው ይል ነበር። ባዶ ዛላ ምን ያጎነብሰዋል? አጨድን፣ ወቃን፣ ለነፋስ ሰጠነው፤ ነፋሱ አብዛኛውን ይዞት ሄደ። የቀረው የጆንያውን ቂጥ እንኳ በወጉ አልሸፈነም። ከአጫጆቹ አንዷ ሳታስበው ሳቀች፣ ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች። የጋሼን ፊት አይታ ነው።

ምክንያቱን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ሥራህ አይደል? ያንኑ አንድ ዘር አንዱን መደብ ቀደም፣ አንዱን መካከል፣ አንዱን ዘግየት እያደረግክ ትዘራና እድገቱንና ምርቱን ትለካለህ። አምና ስትመጣ ያስረዳኸን ትዝ ይለኛል። በጊዜው የተዘራው ተደላድሎ ሥሩን ይዘረጋል፣ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ያወጣል አልክ። የዘገየው ግን ቀኑ ሲያጥርበት ይደነግጣል፣ ሳይጎለምስ ለማበብ ይቸኩላል፤ ሲያብብ ብርዱ ይደርስበትና አበባው ይመክናል አልክ። ጋሼ ያን ጊዜ እንዴት እንደኮራብህ! ይኼ ልጅ የሩዙ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው የወጣው እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ደግሞስ አንተ ከመማርህ በፊትም ከአካባቢው ሁሉ ቀድሞ የሚዘራው ማን ነበር? የእሱን እጅ እያዩ አልነበረም ሌሎቹ ዘራቸውን የሚነክሩት? ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ዘንድሮ ምን ነካው ብለህ አልጠየቅክም። ንቆኝ ነው፣ እልኽ ይዞት ነው አልክ። እኔም በጊዜው እንዳንተው ነበር ያሰብኩት።

እንደሆነው ልንገርህ።

ቦዩ ሲከፈት የመጀመሪያውን ውሃ እንደ ልማዳችን እኛ አገኘን። ጭቃው ተቦካ፣ ማሳው ተደላደለ፣ ዘሩ በጆንያ ተነክሮ ጎነቆለ። የቀረው ጭቃው እስኪረጋና ውሃው እስኪጠራ መጠበቅ ብቻ ነበር። የአባባን ትምህርት አልረሳኸውም፤ በድፍርስ ውሃ ላይ የተበተነ ዘር፣ የሚረጋው ጭቃ ላዩ ላይ ተኝቶ ያፍነዋል። መሬቱ በውሃው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ካልታየ በስተቀር በእኛ ቤት እጁን ዘር ውስጥ የሚከት የለም። ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ወጣ፣ ከማሳው ጫፍ ቆሞ አየና ገና ነው አለ። በነጋታውም ገና ነው፣ ድፍርስ ነው አለ። ጥሩምባ ዘራ። ከጥሩምባ በታች ያሉትም ዘሩ። ጋሼ በየጠዋቱ ይወጣል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ አንገቱን ወዲህና ወዲያ እየሰበቀ ያያል፣ ገና ነው ብሎ ይመለሳል። ከላይ ቦዩን የሚያደፈርስብን ሰው አለ ብሎ ሄዶ የላይኞቹን ሰዎች ሁሉ ተጣላቸው። ሰዎቹ ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት።

እኔ ውሃው ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር፤ የአምናው አገዳ ጉቶ ሳይቀር። ስነግረው፣ አንቺ የምታውቂው የእንስራ ውሃ ነው አለኝ። ደግሜ ስነግረው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ተረተብኝ። ሰው ነገር ሲፈልግ ውሃ ቀጠነ ይላል፣ የእኛው ደግሞ ውሃ ወፈረ ይላል ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ። ዘሩ ጆንያው ውስጥ ኮመጠጠ፤ ለዶሮ ሰጠሁትና ለምግብ ካስቀመጥነው ላይ ሌላ ነከርኩ። ውሃ አባቱ ራሱ መጣ። በአክብሮት ነው የጠየቀው፤ ጋሽዬ፣ ምን እየጠበቅክ ነው አለው። ጥሩምባም ሳይጠራ መጥቶ፣ ይኼ ውሃ ካልጠራ ዓይኔን ግንባር ያርገው ብሎ ማለና ሰውን አሳቀ። ጋሼን ታውቀዋለህ፤ ለተረበው ሰው መልስ አጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከመካከላችን ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። እኔ አፍሮ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ አንተ ደወልክ። አጠገቡ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ግትር ሽማግሌ አልከው። ዘግይቶ የተዘራውን መደብ ከእንግዲህ ማዘጋጀት አያስፈልገኝም፣ አንተ በነፃ እየሠራህልኝ ነው፣ መጥቼ መለካት ብቻ ነው የቀረኝ አልከው። ቀልድ መሆኑ ነው። ከዘጋህበት በኋላ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ተከትዬው ወጣሁ። እሱ ውሃው ውስጥ ቆሞ እንደ ልማዱ አንገቱን ይሰብቃል። እኔ ከዳር ሆኜ ጮህኩበት። ከጠራ ከረመ፣ የሰው ቡቃያ ከውሃው በላይ ወጥቷል፣ አንተ እዚህ ቆመህ በልጅ ትቀናለህ አልኩት። መልሶ አልጮኸብኝም። ዝግ ባለ ድምፅ፣ ታች ጥሩምባ ማሳ ውስጥ መሬቱ ይታይሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይታየኛል አልኩት። የእኛስ? የእኛም፣ የእግርህ ጣት ጥፍር ሳይቀር አልኩት። አጎንብሶ ወደ እግሩ አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁን ውሃው ውስጥ ከቶ በዝግታ አማሰለውና አወጣው፣ መዳፉን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ያዘው። ቀና ሲል፣ በይ ዘሩን አምጪው አለኝ። እኔ ሞኟ ያሸነፍኩ መስሎኝ እየሮጥኩ ነው ያመጣሁለት።

አዘራሩን ብታይ ታለቅስ ነበር። ያ እጁን ሲወረውር ዘሩ በወንፊት እንደተነፋ እኩል የሚወርድለት ሰው፣ አንዱን ቦታ ደራርቦ አንዱን ዘልሎት አለፈ። ሲበቅል አንዱ ጥግ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዱ ራሰ በራ ሆነ። ጥሩምባ ሰክሮ ነው የዘራው ብሎ አወራ። እኔ ከጥቅጥቁ እየነቀልኩ ባዶው ላይ ስተክል ከረምኩ፤ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንተ እንዳልከው ሆነ። ከአንድ ሥር የሚወጣው አገዳ ጥቂት፣ እሱም ቀጫጫ። የሌላው ሰው ፍሬ ሲቋጥር የእኛ ገና ማበቡ ነበር፤ ብርዱም በዚያው ገባ። ጠዋት ጠዋት ውሃው አጥንት ይቆረጥማል። ጋሼ አንድም ቀን አልቀረም። ዳር ያቆመኝና አበበ ወይ፣ ስንት እጁ አበበ፣ ነጩ ብናኝ ይታይሻል ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እርሻ እያስተማረኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ሰለቸኝ። ፍሬው ገና ወተት ሳለ ቦዩ ተዘጋ። የቦዩ መዝጊያ ቀን ለሁሉም አንድ ነው፤ ዘግይቶ ለዘራ ሰው አይጠበቅም።

የአጨዳው ቀን አንድ ዛላ ቆርጦ ከሥሩ እስከ ጫፉ በጣቶቹ መሃል አሳለፈው። ሌላ ቆረጠ፣ እንደዚያው አደረገ። ከዚያ ማጭዱን ለእኔ ሰጥቶኝ ሄዶ የማሳው ግድብ ላይ ተቀመጠ።

ምርቱ ለነፋስ ተሰጥቶ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ እብቁ ፀጉራችን ላይ እንዳለ፣ አውድማው ላይ አንድ ነገር ነገረኝ። ለማንም፣ በተለይ ላንተ፣ እንዳልናገር በአባባ አጥንት አስማለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ማልኩለት። ስለዚህ አልጽፍልህም፤ መሐላዬን አልበላም። በዓይኔ ያየሁትን እንዳልናገር ግን አላስማለኝም፤ እስከ አሁን የጻፍኩልህም ያየሁትን ብቻ ነው። ለምን ካንተ እንደሚደብቅ ስጠይቀው፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ከጭቃ ያወጣሁትን ልጅ መልሼ ጭቃ ውስጥ አልከትም አለኝ። ክፉ ያስብብሃል እኮ፣ ናቀኝ ብሎ ነው የሚኖረው አልኩት። ግትር ነው ይበለኝ፣ እሱ ይሻላል አለ። ወንድሜ፣ ያን ቀን ያለቀስኩትን የእናታችን ቀብር ላይም አላለቀስኩም።

ባለፈው ሳምንት በግድ ከተማ ይዤው ሄጄ ነበር፣ ሐኪም ቤት። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ተቀመጥን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አይቶት ሲያበቃ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ዘግይታችኋል አለኝ። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው። ስለ ምን እንደሄድን አትጠይቀኝ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ለእኔ ለቀቀልኝ፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ፣ አንቺ እያየሽ ንገሪኝ አለኝ። እስክንደርስ ድረስ ነገርኩት። የማን ጭድ ተከምሮ እንዳለቀ፣ የማን እንደቀረ፣ ከብቱ የት የት እንደተሰማራ። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ሽማግሌ ይዘህ አትምጣ። ማሳውን አትክፈልብን። ለሚመጣው ዘር አስቤበታለሁ፤ እሱ የጭቃውን ልክ በእግሩ ያውቀዋል፣ ዘሩ መጎንቆሉን በእጁ ያውቀዋል፤ ቀኑን አንተ ትነግረናለህ፤ ውሃውን እኔ አየዋለሁ፣ መበተኑንም እለምዳለሁ። ሦስታችን ተደምረን አንድ ገበሬ አይወጣንም? ለጥሩምባም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። የጋሼን ስም በወፍጮ ቤት እንዲዞር አልፈልግም። ለውሃ አባቱ የሚነገረውን እኔ ራሴ በጊዜው እነግረዋለሁ።

አንተ ግን ና። ለዘሩ አይደለም፣ ለዘሩ ገና ነው። አሁን ና፣ ፈቃድ ጠይቀህ ና። ቀን በፀሐይ ግባ። ያቺን ቀይ ሹራብህን ልበሳት። ስትደርስ ደግሞ እንደ ድሮው ከኋላው መጥተህ ለማስደንገጥ ብለህ ቀስ እያልክ እንዳትገባ፤ ከደጅ ጀምረህ እኔ ነኝ በል። ከዚያ ቅረበውና ፊት ለፊቱ ተቀመጥ። ስለ ስልኩ ነገር ይቅርታ ጠይቀው ወይም አትጠይቀው፣ እሱ ካንተ ይቅርታ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ብቻ ቅረበው።

ይህን ስጽፍ እሱ ከፊቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ የተበጠሰ ገመድ ይቀጥላል። የብዕሩን ድምፅ ሰምቶ ለማን ነው አለኝ። ላንተ ነው አልኩት። እስቲ አንብቢልኝ አለ። የመንደሩን ሁሉ ደብዳቤ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው እኔን አንብቢልኝ የሚለኝ። የጉንፋንህን አነበብኩለት፣ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘልዬ ስለ ዶሮዎቹና ስለ ጣሪያው ከራሴ እየፈጠርኩ አወራሁለት። ጥሩ ጽፈሻል፣ እኔም አልተቀየምኩህም ብሎሃል በይልኝ አለ። ካልሲውን አይርሳ፣ ብርድ ከእግር ነው የሚገባው በይልኝ ብሏል። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ እጁን ላዩ ላይ አኖረና ቀና ብሎ ጠየቀኝ፤ ጽሕፈትሽ አሁንም መስመሩን እየለቀቀ ወደ ላይ ይወጣል ወይ አለኝ። አሁንስ ተስተካክሏል አልኩት።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ጤናህን ይስጥህ፣ ከክፉ ነገር ይከልልህ። ደርሰህ ለመተያየት ያብቃን።

አክባሪ እህትህ፣
እትዬ